«ያ አረም» ስሙ ማን ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የሀገራችን ሰው። የአረምን ስም የሚያወጣው ግን ብዙ ጊዜ ንዴት ይመስለኛል። አፋር ውስጥ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አፈር እንዲይዝና ጥላ እንዲሰጥ ተብሎ ተተከለ። ዛፉ ግን የተሰጠውን ቦታ አልፎ የግጦሹን መሬት ወረሰው። ያን ጊዜ አንዱ «የደርግ ዛፍ» አለው፣ ሌላው «ወያኔ» አለው። ሕንዶች ደግሞ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ማሳቸውን የወረረውን ፓርቲኒየም የተባለ አረም በዘመኑ ገዢ ፓርቲያቸው ስም «የኮንግረስ ሣር» ብለው ጠሩት። ይኸው አረም ወደ እኛ ሀገር ሲገባ የሐረርጌ ገበሬ በኦሮምኛ «ፋራምሲሳ» አለው። መሬትህን ፈርመህ አስረክብ እንደ ማለት ነው።

እዚህ አርባ ምንጭስ? እኛ ጋ የንዴት ስም እንኳ አልወጣለትም። ከኩልፎ ድልድይ ወዲህና ወዲያ ባሉ ሰፈሮች በየግቢው አጥር ሥር፣ በየቦዩ ዳር፣ አሸዋና ጠጠር በተራገፈበት ቦታ ሁሉ በቅሎ ይታያል። ሰዎችን ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ የተለያየ ነው። አንዷ «አሪቲ ነው፣ አትንካው» አሉኝ። ሌላው «የዱር ካሮት ይሆናል» አለ። አንዲት እናት ደግሞ «እኔ እንጃ ልጄ፣ ከአሸዋው ጋር የመጣ ነው» አሉ። የሚበዛው ሰው ግን «ያ አረም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ስሙን የማናውቀውን አረም በትክክል ልንነቅለው አንችልም።

እንግዲህ ስሙን እንናገር። ሳይንሳዊ ስሙ ፓርቲኒየም ሂስተሮፎረስ ነው። በአማርኛ የግብርና ባለሙያዎቻችን «ቅንጨ አረም» ይሉታል። ጥቃቅንና ነጫጭ አበባውን ላየ ሰው ስሙ ወዲያው ይገባዋል፤ የተከካ ቅንጬ የተበተነበት ይመስላል። የትውልድ ሀገሩ አሜሪካ አህጉር፣ በተለይ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከእርዳታ እህል ጋር ተደባልቆ እንደሆነ ብዙዎች ይገምታሉ። ዛሬ በብዙ የሀገሪቱ ክፍሎች በተለይ የመኪና መንገድን ተከትሎ ተስፋፍቷል። ከጎማ ጋር፣ ከጭቃ ጋር፣ ከእህል ጋር፣ ከአሸዋ ጋር ይጓዛል። ሙዛችንን ጭኖ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ መኪና ባለበት ከተማ «እኛ ጋ እንዴት መጣ?» ብሎ መደነቅ አያስፈልግም።

ታዲያ በምን እንለየው? ሲበቅል መጀመሪያ ቅጠሎቹን መሬት ላይ እንደ ሰሐን ዘርግቶ ይተኛል። በዚህ ዕድሜው ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፣ ጠለቅ ጠለቅ ብሎ የተሰነጣጠቀ ነው። ከዚያ ከመሐሉ ግንድ ያወጣል። ግንዱ ከታች እስከ ላይ መስመር መስመር አለው፤ ከላይ ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቶ ከአንድ ሜትር በላይ ይደርሳል። በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ያሉት አበቦች ነጫጭ ሆነው ቀረብ ብለው ሲያዩዋቸው አምስት ማዕዘን አላቸው። ሥሩ አንድ ወፍራም ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደታች ይወርዳል። አሪቲ ግን ቅጠሉ ወደ አመድማ የሚያደላ፣ ሽታውም ከሩቅ የሚታወቅ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ግን «እስቲ ላሽተው» ብላችሁ በባዶ እጃችሁ እንዳታሹት። ለምን እንደሆነ አሁን እመጣበታለሁ።

ቅንጨ አረም ፓርቲኒን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። አንድ ቀን የነካው ሁሉ አይታመምም። ደጋግሞ የሚነካው ሰው ግን ቆዳው ሊቆጣ፣ ሊያሳክከውና ሊቆስል ይችላል። የአበባው ብናኝ ደግሞ በአንዳንዱ ሰው ላይ ማስነጠስና አስም ያስነሳል። ከብት ሲበላው ወተቱ ይመራል። በሐረርጌ በተደረገ ጥናት አረሙ ሳይነቀል በቀረበት ማሳ የማሽላ ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ለዚያ ገበሬ «ፋራምሲሳ» የሚለው ስም ተረት አይደለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላንሳ። በየግቢያችን አረም የሚነቅለው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ እናቶች፣ የቤት ሠራተኞችና ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች ናቸው። በምን? በባዶ እጅ! ስሙን ስለማናውቅ ጠባዩንም አናውቅም፤ ጠባዩን ስለማናውቅ ልጅ «ሂድ ያንን ሣር ንቀል» ተብሎ ይላካል። ክንዱን ሲያሳክከው ትንኝ ነው፣ ሙቀት ነው ይባላል። ስም አለማወቅ የሚያስከፍለው ዋጋ መጀመሪያ የሚያርፈው በእነዚህ ሰዎች ቆዳ ላይ ነው።

ሁለተኛው ችግር የምንነቅልበት ጊዜ ነው። አንድ በደንብ ያደገ ቅንጨ አረም እስከ 25,000 ዘር ሊያፈራ ይችላል። በአንድ አጥር ሥር ዐሥር ተክል ካለ ሩብ ሚሊዮን ዘር ማለት ነው። ዘሩ ደግሞ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ከበቀለ በኋላ አንድ ወር ከምናምን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሊያብብ ይችላል። እኛ ግን የምናየው መቼ ነው? ካበበ በኋላ! ነጭ ሆኖ ግቢውን ሲያለብሰው «ኧረ ይሄ ነገር በዛ» ተብሎ ማጭድ ይወጣል። ከላይ ከላይ ይታጨዳል፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ስለቀረ እንደገና ያቆጠቁጣል። የታጨደው ከነዘሩ በአጥር ላይ ተወርውሮ ቦይ ውስጥ ይገባል። ግቢው ጸዳ፣ ሰውየውም እጁን ታጠበ።

ቦዩስ የት ይሄዳል? ወደ ኩልፎ ነዋ! ኩልፎ ደግሞ ከጋሞ ተራሮች ወርዶ፣ ከተማችንን አካሎ፣ በነጭ ሣር ፓርክ ጫካ በኩል አልፎ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ስሙን ከሣሩ ያገኘ ፓርክ ከበላያችን ሳይሆን ከበታችን ነው ያለው። እኛ በአጥር ላይ የወረወርነው ዘር ጎርፍ ሲመጣ ወደ እነማን እንደሚወርድ ለማወቅ ካርታ ማየት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ «የግቢዬ አረም የራሴ ጉዳይ ነው» የሚለው አባባል ኩልፎ ዳር አይሠራም።

ስም ሲታወቅ ሰው እንደሚንቀሳቀስ ከጣና ተምረናል። እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲታይ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። ቆይቶ ግን ሕፃን ሳይቀር «እምቦጭ» ማለት ቻለ። ሰው ከየአቅጣጫው ገንዘብ አዋጣ፣ ወጣቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነቀለ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር የታወጀ ትልቅ ዘመቻም ተደረገ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ስሙ የታወቀው አረሙ ሐይቁን ከያዘ በኋላ ነበር። የሀገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ለዚህ ነው። የእኛ ቅንጨ አረም ገና በቅጠል የሚጠፋበት ደረጃ ላይ ያለባቸው ግቢዎች ብዙ ናቸው።

እንዴት እንንቀለው? ሥራው ከባድ አይደለም፤ ሥርዓት ግን ይፈልጋል። በአካባቢያችን ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ይጥላል፤ በመስከረምና በጥቅምትም ይመለሳል። ዝናብ ከጣለ በኋላ መሬቱ ሲርስ፣ ተክሉ ሳያብብ፣ ከነሥሩ መንቀል ነው። እጅን በጓንት፣ ጓንት ከሌለ በወፍራም ፌስታል መሸፈን፣ እጅጌ ያለው ልብስ መልበስ፣ አፍንጫና አፍን በሻርፕ ማሰር ያስፈልጋል። ሳያብብ የተነቀለው ፀሐይ ላይ ደርቆ ኮምፖስት ሊሆን ይችላል። ካበበ ግን ሳያራግፉ ቀስ ብሎ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ማሰር፣ ከዚያ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር ነው። ቦይ ውስጥ አይጣልም! በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ተመልሶ አዲስ የበቀለውን መልቀም የግድ ነው። በመጨረሻም ባዶ መሬት አለመተው። ቅንጨ አረም የሚወደው የተራቆተ መሬት ነው። ስኳር ድንች ቢዘረጋበት፣ ሣር ቢተከልበት ጥላው ያስጨንቀዋል። እኛም እንበላለን።

«መድኃኒት ቢረጭስ?» የሚሉ አሉ። ጎመን፣ ሙዝና ሽፈራው ባለበት፣ ዶሮና ሕፃን በሚሮጥበት ግቢ ለእጅ ሥራ የሚበቃን ነገር በመርዝ መሞከር አያስፈልግም ባይ ነኝ። «መንግሥት ምን ይሠራል?» የሚሉም አሉ። አምቦ በሚገኘው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ሁለት ነፍሳት ተሞክረው፣ በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ ዓመታት በተመረጡ ቦታዎች ተለቅቀዋል። አንዷ ቅጠሉን የምትበላ ጥንዚዛ ናት፤ ሌላዋ ግንዱን ሰርስራ የምትገባ ነቀዝ ናት። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ለሰፊ መሬት እንጂ ለእኛ አጥር ሥር የታሰበ አይደለም። ብዙዎቻችን ደግሞ «ተከራይ ነኝ፣ ምን አገባኝ?» እንላለን። ተከራዩ ቤቱን ይለቃል እንጂ ኩልፎን ይዞ አይሄድም። ነገ የሚከራየውም ሰፈር እዚያው ወንዝ ዳር ነው።

አንድ ነገር ግን እንድንጠነቀቅ እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለውን አረም «መጤ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። በሀገራችን ይህ ቃል ሰውን ለማሸማቀቅ ስንት ጊዜ እንደዋለ ሁላችንም እናውቃለን። መምጣት በራሱ ጥፋት አይደለም። የአርባ ምንጭ ኩራት የሆነው ማንጎ መጤ ነው፣ ሙዙም መጤ ነው፣ በቆሎውም፣ ካሳቫውም፣ አሁን ትከሉ ያልኩት ስኳር ድንች ራሱ መጤ ነው። ቅንጨ አረም የሚነቀለው ከየት እንደመጣ ታይቶ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ ታይቶ ነው። «የደርግ ዛፍ»፣ «የኮንግረስ ሣር» የሚሉት ስሞችም ማንን እንደምንወቅስ ይነግሩናል እንጂ ቅጠሉ ምን እንደሚመስል፣ መቼ እንደሚያብብ አይነግሩንም። የሚያስፈልገን የሚያስለይ ስም ነው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህ ትምህርት ለእኛም ነው። መምህራኖቻችን «ስም ሳይጣራ ዜና አይወጣም» ይሉናል። የዕፅዋትን ስም የሚያጣሩ ሰዎችም በሀገራችን አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የደረቁ ዕፅዋትን ከነስማቸው ያስቀምጣል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በዝርዝር የያዘውም ስምንት ቅጽ መጽሐፍ ከ1980 እስከ 2009 (እ.ኤ.አ.) በቆየ ሥራ ተጠናቅቋል። ያ ሁሉ እውቀት ግን ከመደርደሪያ ወርዶ እናቶች አጥር ሥር ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው? ማድረሱ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየቀበሌው የሚደረገው የጽዳት ዘመቻ ቀኑ ይታሰብበት። ዝናቡ ከጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ቢሆን አረሙ በቅሎ ይታያል፣ ግን አላበበም። ካበበ በኋላ የሚደረግ ዘመቻ ዘር የመበተን ዘመቻ ነው። ሁለተኛ፣ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ከባዮሎጂና ከግብርና ባለሙያዎች ጋር ሆነን የቅንጨ አረምን ሥዕል ከነስሙ፣ በአማርኛና በጋሞኛ፣ በአንድ ገጽ አዘጋጅተን በሲቀላና በሴቻ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና ገበያዎች እንለጥፍ። ሥዕሉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ አንዱ ካበበ በኋላ። ከመጀመሪያው ሥዕል በታች «አሁን ንቀሉኝ»፣ ከሁለተኛው በታች «ዘግይታችኋል፣ ግን በጥንቃቄ» ብለን እንጻፍበት።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አጥራችሁ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ካገኛችሁት «ያ አረም» አትበሉት፤ በስሙ ጥሩት። ከዚያ ጎረቤታችሁንም ጥሩና አሳዩ።

ቸር ይግጠመን!