የተነነው ማዳበሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ተብሎ በተጻፈበት አጥር ሥር አፍንጫህን ሳትይዝ ካለፍክ ጀግና ነህ። (ጽሑፉ ለስንቱ የቦታ ጥቆማ እንደሆነለት እግዜር ይወቀው።) ያ ዓይን የሚያስነባ ሽታ አሞኒያ ይባላል። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ሲፈርስ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይተናል።

ስለ ሽንት ላወራችሁ ግን አይደለም። ይኸው ነገር በየክረምቱ በየማሳው ይደርሳል። እዚያ የሚተነው በውጭ ምንዛሬ የተገዛ ማዳበሪያ ነው።

ገበሬው የሚበትነው ነጭ ፍሬ ስሙም ጠባዩም ያው ዩሪያ ነው። በ50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ፍሬው እርጥብ አፈር ላይ ሲያርፍ ይሟሟል፤ አፈር ውስጥ ያለ ኢንዛይም ደግሞ በጥቂት ቀናት ወደ አሞኒያ ያፈርሰዋል። ወደ ውስጥ ከገባ አፈሩ ይይዘዋል። ላይ ላዩን ቀርቶ ፀሐይ ከወጣና ነፋስ ከነፈሰ ግን ሽቅብ ነው። መጠኑ እንደ አፈሩና እንደ አየሩ ይለያያል፤ ሲከፋ 30 በመቶና ከዚያም በላይ ይጠፋል። 30 በመቶ ማለት ከአንድ ከረጢት 15 ኪሎ ዩሪያ ነው። ገበሬው ግን የሚከፍለው የሙሉውን 50 ኪሎ ዋጋ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ተበድሮ።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ጥቂት ጣት ያህል አፈር ማልበስ፣ ወይም ደህና ዝናብ ሊመጣ ሲል መበተን። ጀርመን እንዲያውም ሕግ አውጥታለች። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ዩሪያው ወይ ኢንዛይሙን የሚያዘገይ ነገር የተቀላቀለበት መሆን አለበት፣ አለዚያም ቢዘገይ በ4 ሰዓት ውስጥ አፈር ውስጥ መግባት አለበት። በትራክተር ለሚያርስ እንዲህ ብሎ ማዘዝ አይከብድም።

እኛ ጋ ሲመጣ «ገበሬው ስላልተማረ ነው» የሚል ከተሜ አይጠፋም። እስቲ ጤፍን ውሰዱ። ተበትኖ የሚዘራ ሰብል ነው፤ ቡቃያው ማሳውን ከሞላ በኋላ ሁለተኛውን ዙር ዩሪያ በየት በኩል ገብቶ አፈር ያልብሰው? «በመስመር ዝሩ» ተብሎም ነበር፤ የሞከረው የሚፈጀውን ጉልበት ያውቃል። ዝናብ ጠብቆ ለመበተንም መጀመሪያ ማዳበሪያው እጅ ላይ መገኘት አለበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ መውጣታቸውን አልረሳንም። እንደዚያ ተጨንቆ ያገኘው ሰው በደረሰው ቀን ቢበትነው ምን ይፈረድበታል?

መንግሥት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ጋር ተፈራርሟል። የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ነገር ነው። እሰየው፤ ይሠራ። እኔን የሚከነክነኝ ማዳበሪያን በኩንታል ብቻ መቁጠራችን ነው። ይህን ያህል ጅቡቲ ደረሰ፣ ይህን ያህል ተሰራጨ፣ ጭብጨባ። ሰብሉ ጋ ስንቱ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ሪፖርት ግን አላየሁም።

በቆሎ በመስመር ስለሚዘራ ሥሩ አጠገብ ቀብሮ ማልበስ ዛሬውኑ ይቻላል። ለጤፉ ግን ገበሬው ላይ ምክር ከመጨመር ይልቅ ዩሪያው በጊዜ ይድረሰው፤ የሦስት ቀን የዝናብ ትንበያም ለየወረዳው በሚገባው ቋንቋ በስልኩ ይላክለት። ለሎተሪና ለዘፈን ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ስንት መልእክት ይገባ የለ?