አባያ ለማን ተከለለ?

እስቲ በየሰፈራችሁ ጠይቁልን፡፡ ሶዶ ተወልዶ ሶዶ ካደገ ልጅ መካከል አባያ ሐይቅ ዳር ቆሞ የሚያውቅ ስንት ነው? ከሩቅ ያላየው የለም፡፡ ሰማዩ በጠራ ቀን ከዳሞታ ወገብ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለተመለከተ ሐይቁ እንደተነጠፈ ቀይ ጨርቅ ይታያል፡፡ ወርዶ ያየው ግን ጥቂት ነው፡፡ አባያ ደግሞ ኩሬ አይደለም፡፡ በስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆቻችን ትልቁ ነው፤ ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፡፡ ባሕር በሌላት አገር ለወላይታ ልጅ ከዚህ የተሻለ ባሕር ከየት ይመጣል?

ቀይነቱ ከምን እንደሆነም እንንገራችሁ፡፡ ከአፈር ነው፡፡ ብላቴ ወንዝና ሌሎቹ ከደጋው ጠርገው የሚያወርዱት ደለል ነው ውሃውን እንዲያ ያቀላው፡፡ ልጆቻችን አባያ አልሄዱም፤ የአያቶቻቸው ማሳ ግን በየክረምቱ ይሄዳል፡፡

እኛን የሚያናድደን ርቀቱ አይደለም፡፡ «ቤተሰብ ወደ ፓርክ ባይገባ ይሻላል፣ ሲገባ ቆሻሻ ጥሎ፣ እንስሳ አስደንግጦ ነው የሚወጣው» የሚሉን ሰዎች ናቸው፡፡ እነዚህ ሰዎች የተማሩ ናቸው፡፡ ሲናገሩም ያምራሉ፡፡ ቅዳሜና እሁድ የት እንደሚውሉ ግን እናውቃለን፤ ፓርኩን ቁልቁል እያዩ ሎጅ በረንዳ ላይ!

ነጭ ሳርን እንውሰድ፡፡ ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፡፡ ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ተሰጠው፡፡ የአባያና የጫሞ ክፋይ፣ ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው የእግዜር ድልድይ፣ የኩልፎ ወንዝ ጫካ፣ ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች፣ የሜዳ አህያ የሚግጥበት ሜዳ ሁሉ እዚያው ነው፡፡ አሁን አንድ የሶዶ አስተማሪ ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ በሚኒባስ አርባ ምንጭ ደረሰ እንበል፡፡ ከዚያስ? ሜዳው ድረስ ለመግባት ጉልበተኛ መኪና ያስፈልገዋል፡፡ አዞ ገበያን ለማየት ደግሞ ጀልባ መከራየት አለበት፡፡ የአስተማሪ ደመወዝ ስንት እንደሆነ እዚህ አንጽፍም፤ ሰውየውን አናሳፍርም፡፡ ስለዚህ ቤተሰቡ ከተማ ውስጥ አሳ በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ «ነጭ ሳር ሄድን» ብሎ ይመለሳል፡፡ ልጆቹ ያዩት አዞ የተጠበሰው ቆሮሶ የቀረበበት ሳህን ላይ የተሳለውን ነው፡፡

ይህ እንግዲህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፡፡ ፓርኮቻችን ከጥንስሳቸው የታሰቡት ከሩቅ ለሚመጣ፣ መኪና ላለው፣ ካሜራ ላንጠለጠለ ሰው ነው፡፡ በአካባቢው ያለው ሕዝብ በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ ያለው ቦታ አንድ ነው፤ ችግር ነው፡፡ አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት በ1996 ዓ.ም. ነጭ ሳርን ለማስተዳደር ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ፡፡ ኮሬዎች ከፓርኩ እንዲወጡ ተደረገ፡፡ በኅዳር 1997 ዓ.ም. ደግሞ 463 የጉጂ ቤቶች መቃጠላቸው ተዘገበ፡፡ ድርጅቱም በፈረንጆቹ 2008 ጥሎ ወጣ፡፡ ፓርኩ ሲቋቋም ብዙ ከተባለለት ቆርኬ ውስጥ ዛሬ በጣት የሚቆጠር ቢተርፍ ነው፡፡ ከብቱም፣ አደኑም፣ ማገዶውም የየራሱን አድርሷል፤ አንክድም፡፡ ግን ሰው በማባረር እንስሳ ይድናል ያሉን ሰዎች ውጤታቸውን ያሳዩን!

ተቃራኒውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ሁምቦ ላይ ቀና በሉ፡፡ ያ ተራራ ተራቁቶ ነበር፡፡ ገበሬው ከተቆረጠው ዛፍ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጠ፣ ከብት እንዳይገባበት እየጠበቀ 2,728 ሄክታር መልሶ አለበሰው፡፡ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የያዙት ደን ነው፡፡ ወርልድ ቪዥን ረድቷል፣ የዓለም ባንክም ካርቦኑን ገዝቷል፡፡ ዘበኛው ግን የራሱ የሁምቦ ሰው ነው፡፡ ለምን? የኔ ነው ስላለ፡፡ የኔ ያላለውን ማንም አይጠብቅም፡፡ አይቶት የማያውቀውን ልጅ ደግሞ የኔ እንዲል የምንጠብቀው በየትኛው ሒሳብ ነው?

«አዞስ?» ትሉናላችሁ፡፡ ትክክል ናችሁ፡፡ በ2010 ዓ.ም. አባያ ዳር ምዕመናን ሲያጠምቁ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተይዘው ሕይወታቸው አልፏል፡፡ አባያ የሚዋኙበት ሐይቅ አይደለም፡፡ ነገር ግን አደጋው የሚያስረዳው ሰው መከልከሉን ሳይሆን ሐይቁን የሚያውቅ ጠባቂ፣ ከውሃው የራቀ ዳስ፣ በወላይትኛም በአማርኛም የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ማስፈለጉን ነው፡፡ ባሕርና ዱር አውሬ ያላቸው አገሮች ልጆቻቸውን ቤት አልቆለፉባቸውም፡፡ እስከዚህ ድረስ ና፣ ከዚህ አትለፍ ብለው መስመር አሰመሩላቸው፡፡

ለራሳችን ወገንም አንድ ሁለት ቃል አለን፡፡ ሽርሽር ስንል ሥጋ፣ ዳጣ፣ ቢራና ድምጽ ማጉያ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን፡፡ ቁርጥ ጠላት የለንም፤ ወላይታ ሆኖ ቁርጥ የሚጠላ ካለ ይመርመር፡፡ ግን ሃይላንዱን ጫካ ውስጥ ወርውሮ፣ ፌስታሉን ለንፋስ ሰጥቶ፣ ለዝንጀሮ ሙዝ እየወረወሩ መሳቅ ሽርሽር አይደለም፡፡ ሙዝ የለመደ ዝንጀሮ ነገ የልጅህን እጅ ነው የሚቀማው፡፡ እነዚያ የሎጅ በረንዳ ሰዎች በእኛ ላይ የሚያወሩት ወሬ ስንቁ ከዚህ ይመጣል፡፡ አናቀብላቸው፡፡

የምንለው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ ወላይታ የራሱ የአባያ ዳርቻ አለው፤ አባላ አባያ ወረዳ ስሙን ከየት አመጣው? እዚያ አንድ ለቤተሰብ የሚሆን ቦታ ይከለል፤ ጥላ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ጠባቂ፣ ቆሻሻ ይዞ የሚመለስ ደንብ ይኑረው፡፡ አሳ አጥማጆቹ አስጎብኚ ይሁኑ፤ ሐይቁን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፡፡ ነጭ ሳር ላይ ደግሞ ምንጮቹና የወንዙ ጫካ አካባቢ ከጠባቂ ጋር በእግር የሚኬድ፣ ለልጅ በሳንቲም የሚከፈልበት የእሁድ ጉዞ ይለመድ፡፡ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ናት፡፡ «ቱሪዝም» የሚል ቃል የሌለበት ስብሰባ ማግኘት ይከብዳል፡፡ ከአንዱ ስብሰባ አበል ላይ ዳሱ ቢቀነስ ማን ይሞታል? ቢሮ ያላችሁ ሰዎች መልሱልን፤ እኛ እናትመዋለን፡፡

እስከዚያው ደግሞ ጊፋታ ሲደርስ ወደ አርባ ምንጭ የምትወርዱ ባለመኪኖች የኋላ ወንበራችሁን ባዶ ይዛችሁ አትሂዱ፡፡ የጎረቤት ልጆች ጫኑ፡፡ ፌስታሉንም መልሳችሁ አምጡት፡፡