ፈረስ ያደርሳል፤ ስሙን ግን ማን ይጽፋል?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል የማያውቅ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ አይገኝም። ነገር ግን ቃሉን ማወቅና በቃሉ መሥራት ለየብቻ መሆናቸውን ዛሬ በአንድ ምሳሌ ለማሳየት እንወዳለን። ምሳሌያችንም የፈረስ ውድድር ነው።

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ቡሬን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንጅባራን ያገኛል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብረው በዚህ አገር፥ ጥር 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። ሰባቱ ቤት የተባሉትም አንከሻ፥ አዘና፥ ባንጃ፥ ጫራ፥ ቋቁራ፥ መተከልና ዚገም ናቸው። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዓላማው በዓድዋ ጦርነትና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከባለቤቱ ጋራ የደከመውን ፈረስ ውለታ ለመዘከር ነው። ዘመኑን ልብ እንበል፤ 1932 ዓ.ም. ጠላት ገና ካገር ያልወጣበት ዓመት ነበር። በዚያ ጭንቅ የተወለደ ማኅበር በ2012 ዓ.ም. 80ኛ ዓመቱን ማክበሩ ትልቅ ክብር ነው።

በዓሉ ሲደርስ ፈረሱ በመጣብርና በኮርቻ አጊጦ ይወጣል፤ ጉግሱ፥ ግልቢያው፥ ስግሪያው ያየውን ሁሉ ያስደንቃል። ታዲያ እስቲ እንጠይቅ፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት በግልቢያ የቀደመው ማን ነው? ከየትኛው ቤት ነው? ፈረሱስ ማን ይባል ነበር? ከመካከላችን ይህን ከነዓመተ ምሕረቱ የሚመልስ ስንት ሰው ይገኛል?

አባቶቻችን የፈረስን ስም ንቀው የተዉ አልነበሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና እየተባሉ የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር። ነገር ግን እነዚህ ስሞች ከእኛ የደረሱት ጌቶቻቸው ነገሥታት ስለ ነበሩና ጸሐፊ ስላልጠፋላቸው ነው። የገበሬው ፈረስ ስም ግን ከገበሬው ጋራ ተቀበረ።

አሁን ዓይናችንን ጥቂት ወደ ውጭ አገር እንመልስ። በአሜሪካ ሮዲዮ የሚባል ውድድር አለ፤ ከብት ጠባቂዎች ያልተገራ ፈረስና ኮርማ የሚጋልቡበት፥ ጥጃም በገመድ የሚጠልፉበት ነው። ቀድሞ ይህም ያም ከተማ የራሱን ባለድል «የዓለም አሸናፊ» ብሎ ይሰይም ስለ ነበር፥ በአንድ ዓመት ብዙ የዓለም አሸናፊዎች ይገኙ ነበር። ይህን ዝብርቅ ለማስቀረት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1929 አዘጋጆቹ ማኅበር አቋቁመው ነጥብ እየደመሩ የዓመቱን አሸናፊ ይመዘግቡ ጀመር። ጋላቢዎቹ በበኩላቸው በሽልማቱ ማነስ አዝነው፥ በ1936 በቦስተን ከተማ 61 ሰዎች ፈርመው አንጋልብም አሉ። የጠየቁትም ለመመዝገቢያ የሚከፍሉት ገንዘብ በሽልማቱ ላይ እንዲጨመርላቸው ነበር፤ ተጨመረላቸውም። ለመተባበር ብዙ ዘመን ስለ ፈጀባቸው ማኅበራቸውን «ኤሊዎች» አሉት። ይኸው ማኅበር በ1945 ስሙን ለውጦ፥ በ1975 ደግሞ «ባለሙያ» የሚለውን ቃል ጨምሮ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ከዚህ የተነሣ ጂም ሾልደርስ 16 ጊዜ፥ ትሬቨር ብራዚል 26 ጊዜ የዓለም አሸናፊ መባላቸውን ማንም ሰው ከመዝገብ ሊያነብ ይችላል። ይልቁንም የሚያስገርመው የእንስሳው ድርሻ አለመዘንጋቱ ነው። ጋላቢው በሚፈራገጠው ፈረስ ላይ 8 ሰከንድ ሲቆይ፥ ከ100 ነጥብ ግማሹ ለሰውዬው፥ ግማሹ ለፈረሱ ይሰጣል። ከ1956 ጀምሮም በየዓመቱ የሚመረጠው ፈረስ ስሙ እየተጻፈ ይኖራል። የዓድዋን ድል ከፈረስ ጋራ የተካፈልን እኛ በዚህ ነገር ከማንም ልናንስ ባልተገባን ነበር።

«የእኛ በዓል የመታሰቢያ በዓል እንጂ የገንዘብ ውድድር አይደለም፤ መዝገብ ሲገባ ውርርድና ቅናት ይገባል፥ ፈረሱም ያለ ርኅራኄ ይጋለባል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም። አሜሪካኖቹ የዓመቱን አሸናፊ የሚለዩት ባገኘው የሽልማት ገንዘብ ብዛት ነውና፥ ይህ ልማድ ለእኛ አይስማማም። እኛም መስፈሪያቸውን እንድንቀበል አንመክርም፤ የምንመክረው ብዕራቸውን እንድንዋስ ብቻ ነው። ፈረሱ በስሙና በዕድሜው ከተመዘገበ በአንድ ቀን ስንት ጊዜ እንደ ተጋለበ ይታወቃል፤ እንግዲያው መዝገቡ ለፈረሱ ጠባቂው እንጂ ጠላቱ አይሆንም። ቅናትንም ቢሆን የሚያበዛው ያልተጻፈ ድል ነው፤ «እኔ ነበርሁ የቀደምሁ፥ የለም እኔ ነበርሁ» የሚባባሉት ምስክር የጠፋ እንደ ሆነ ነውና።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። አንድ ደብተርና ሐቀኛ ጸሐፊ ይበቃዋል። የበዓሉ ቀን፥ የውድድሩ ዓይነት፥ የጋላቢው ስምና ቤት፥ የፈረሱ ስም፥ መልክና ዕድሜ፥ የዳኞቹ ፊርማ ይጻፍበት። አንዱ ቅጂ በማኅበሩ፥ ሌላው በወረዳው ጽሕፈት ቤት፥ ሦስተኛው በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ያለፈውን ለመሰብሰብ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚቸግረን ጊዜ ነው። ማኅበሩ ሲቋቋም የ20 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው፥ ቢኖር ዛሬ ዕድሜው ከመቶ አልፏል። ከእርሱ የሰሙት ልጆቹም አርጅተዋል።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ቡሬ፥ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ አዊ የምትወርድ ተማሪ ሆይ፥ በዚያው በሥራ ላይ ያለህ ወጣት ሹምም፥ ከአባትህ ወይም ከጎረቤትህ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጠህ «በእርስዎ ዘመን የታወቀው ፈረስ ማን ይባል ነበር?» ብለህ ጠይቅ፤ የነገሩህንም ከነዓመቱ ጻፍ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ተብሏል። ፈረሱ የራሱን ፈንታ ፈጽሟል፤ መጻፉ ግን የእኛ ፈንታ ነው።