ማን አስነሣቸው?

ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ቡና እያፈሉ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። በሰፈሩ 40 ዓመት ኖረዋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የካዛንቺስ መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ተራው የእሳቸውም ቤት ሆነ። በቀደም ዕለት፣ ወር በገባ በ22፣ ኡራኤልን ሊሳለሙ መጥተው አገኘኋቸው። ስለ አዲሱ ሰፈራቸው ሲያጫውቱኝ «እኛ የልማት ተነሺዎች…» ብለው ጀመሩና ቆም አሉ። «ቆይ እንጂ ልጄ፣ እኔ መች ተነሣሁ? አስነሡኝ እንጂ!»

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስንት ሴሚስተር የደከምኩበትን ነገር እማማ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። «ተነሺ» ማለት ራሱ ብድግ የሚል ሰው ነው። አስነሺው ከቃሉ ውስጥ ሹልክ ብሎ ወጥቷል።

ፈረንጆቹ «ፖለቲካል ኮሬክትነስ» የሚሉት የቃላት ጥንቃቄ እኛ ዘንድ የደረሰው እዚህ ላይ ነው። «ታዲያ ስድብ ይሻላል?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ኧረ በጭራሽ! «ዕውር» ቀርቶ «ማየት የተሳነው» መባሉ፣ «ቆማጣ» ማለት ነውር መሆኑ ተገቢ ነው። ስንቱ በስድብ ስም እየተጠራ አንገቱን ደፍቶ ኖሯል። ይህ ጨዋነት ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም፤ አያቶቻችን ለማኙን «የኔ ቢጤ» ያሉት ማንም ሥልጠና ሳይሰጣቸው ነው። እንዲያ ያለ ሰው ራሱን ከለማኙ ጎን ያቆማል።

እንግዲህ ደካማውን ከስድብ የሚጠብቅ ጨዋነት አለ፤ ጉልበተኛውን ከጥያቄ የሚጠብቅም አለ። ጠቤ ከሁለተኛው ጋር ነው።

በሽታው የቆየ ነው። የወሎ ረሃብ ተሸፋፍኖ ከርሞ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን ሲታይ ንጉሡ የቀራቸው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲባል ተገደሉ ማለት ነበር። ዛሬ ደግሞ ዜናው «ሕይወታቸው አለፈ» ይለናል። በጥይት የተገደለውም፣ በእርጅና ያረፈውም እኩል «አለፈ»። ረሃቡም «የምግብ ዋስትና ችግር» ተብሏል።

እዚሁ ካዛንቺስ ባሉ ሆቴሎች ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ። ማይክ የያዘው ሰው «አንዳንድ ተግዳሮቶች ተስተውለዋል» ይላል። ማን አደረሰ? ማን ላይ ደረሰ? የለም። በሻይ ሰዓት ግን ያው ሰውዬ ክንዴን ይዞ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ እውነቱን ያንሾካሹክልኛል። ሁለት ምላስ አበጀን፤ አንዱ ለማይክ፣ አንዱ ለሻይ። በአደባባይ በስሙ ያልተጠራ በደል ደግሞ ጓዳ ውስጥ ይብላላና ቀኑን ጠብቆ ጥላቻ ሆኖ ይወጣል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012፣ አለን። መሸፋፈንን የሚከለክል ግን የለንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማንም እንዴ?

ከተማ አይታደስ አላልኩም። በአዲሱ መንገድ እኔም እሄድበታለሁ። ግን ያስነሣ «አስነሣሁ» ይበል። ከዚያ በኋላ ስለ ምክንያቱም፣ ስለ ካሳውም፣ እማማ ከዕድራቸው ስለ መለየታቸውም መነጋገር ይቻላል። አድራጊ ከሌለው ዓረፍተ ነገር ጋር ግን ማን ይሟገታል?