አፍሪካ በካርታ ላይ ለምን አነሰች?

በዚህ ወር የዓለም ካርታ ይዘን እንቀመጥ።

በክፍላችሁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ካርታ ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? በብዙ ካርታዎች ላይ ግሪንላንድ የአፍሪካን ያህል ትመስላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአፍሪካ ስፋት 30 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የግሪንላንድ ግን 2.2 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣለች ማለት ነው! የሰሃራ በረሃ ብቻውን አራት ግሪንላንድ ይይዛል።

ታዲያ ካርታው ለምን እንዲህ አሳየን? መልሱ መስመሮቹ ላይ ነው።

ምድርን ሰሜንና ደቡብ ብሎ እኩል የሚከፍላት መስመር የምድር ወገብ ይባላል፤ 0 ዲግሪ ኬክሮስ ነው። ከዋልታ እስከ ዋልታ የሚወርዱት ደግሞ የኬንትሮስ መስመሮች ናቸው። የእነሱ 0 ዲግሪ ለንደን ውስጥ በግሪንዊች ያልፋል።

ምድር ክብ ስለሆነች የኬንትሮስ መስመሮች ዋልታው ላይ ሁሉም ይገናኛሉ። በ1569 እ.ኤ.አ. መርካቶር የሚባል ሰው (መርካቶ አላልኩም!) መርከበኞች አቅጣጫቸውን በቀላሉ እንዲይዙ ብሎ መስመሮቹን ሳይገናኙ ቀጥ አድርጎ ሳላቸው። ለመርከበኞቹ በጣም ጠቀማቸው። ነገር ግን ከምድር ወገብ የራቀው ቦታ ሁሉ ተለጠጠ። ስቶክሆልም አካባቢ ርዝመቱም ወርዱም እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ዋልታው ሲጠጉ ደግሞ ይብሳል። አፍሪካን ግን የምድር ወገብ በጋቦን፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያ አድርጎ መሃሏን ስለሚያቋርጣት ብዙም አልተለጠጠችም። አያችሁ? አፍሪካ አላነሰችም፤ ሌሎቹ ናቸው የተለጠጡት።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ «አፍሪካ የሚባለው አገር ትንሽ ነው አይደል?» የሚላችሁ ልጅ ካለ አትናደዱ። 54 አገሮች ያሏት አህጉር መሆኗን ንገሩት፤ ከዚያ ሉል ላይ አሳዩት። ሉል አይለጥጥም።

የወሩ ሥራ፦ ከእናት ወይም ከአባት ጋር ብርቱካን ላይ በእስክሪብቶ አህጉሮችን ሳሉ። ልጣጩን ሳይቆራረጥ ላጡና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ሳይቀደድ ጠፍጣፋ ይሆንላችኋል? ቀጥሎ የምትኖሩበት ከተማ ስንት ዲግሪ ኬክሮስ ላይ እንዳለ ፈልጉ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ከምድር ወገብ ይበልጥ የራቀችው የትኛዋ ናት?

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!