የበዓል ቢላዋና የቀጥቃጩ ዋጋ

ይህን አጭር ሐሳብ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ፋሲካ ዓለም ባንክ በተከራየነው ቤት የደረሰብን ኀፍረት ነው። አምስት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን አንድ በግና አንድ ቢላዋ ገዛን። ቢላዋው ከሱቅ የተገዛ፣ በካርቶን የታሸገና እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ነበር። ሊያርዱልን የመጡት አዛውንት ጎረቤታችን ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና «ልጆቼ፣ በዚህስ እንስሳውን ታሠቃዩታላችሁ እንጂ አታርዱትም» ብለው የራሳቸውን ካራ ከቤት አስመጡ። በኛው ቢላዋ ቆዳውን መግፈፍ ብንጀምር ግማሽ ሳይደርስ ደነዘ፤ አንጓ ልናላቅቅበት ብንሞክር ከነእጀታው ተናጋ። የአዛውንቱ ካራ ግን ጥቁርና መልከ ጥፉ ሳለ ሥራውን እስከ መጨረሻው ሠራ። ያሠሩት ከመኪና ባሌስትራ ኖሮ፣ በቀጥቃጭ እጅ የተሠራ ነው።

እንግዲህ ኪሱ የሳሳ ተማሪ የማይታጠፍ ቢላዋ ለመግዛት ሲያስብ ምን መመልከት ይገባዋል? በመጀመሪያ፣ ለምን እንደሚፈልገው ይወቅ። ለአደን የሚሠራው ቢላዋ ብዙውን ጊዜ ስለቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ለመግፈፍና ለመበለት የተመቸ ነው። በአገራችን ግን ያለ ፈቃድ የዱር አውሬ ማደን ክልክል ስለ ሆነ፣ የኛ ጉዳይ በጉን መግፈፍ፣ ቅርጫውን መከፋፈልና ወደ ገጠር ስንወርድ እንጨትና ገመድ መቁረጥ ነው። ለዚህ ከአንድ መዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ስለት ይበቃል። ረጅሙ ካራ ለአራጁ ይቆይ።

ሁለተኛው ብረቱ ነው። ባሌስትራ በመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ያለበት ብረት ስለ ሆነ፣ በእሳት ቀልቶ በዘይት ሲነከር ይጠነክራል፤ ቀጥሎም በመጠነኛ ሙቀት ሲለዝብ መሰበሩን ይተዋል። ለቤት ሥራ የሚውለው ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ቢቀጠቀጥም ቢሞረድም ስለቱ ቶሎ ይተኛል። ሁለቱም ጥቁሮች ስለ ሆኑ ዐይን አይለያቸውም። መለያው ሞረድ ነው፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ ጫፉን በጥሩ ሞረድ መነካካት ነው። ሞረዱ ብረቱን እንደ ሳሙና ከበላው አልጠነከረም፤ ከላዩ እየተንሸራተተ ካለፈ ጠንክሯል። የማይዝገውም ብረት ቢሆን ሁሉም መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን እጅግ ርካሽ የሆነው ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ነው፤ ማብረቅረቁ ስለ ስለቱ ምንም አይመሰክርም።

ሦስተኛው እጀታው ነው። ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ ዘልቆ፣ እንጨቱ ከግራና ከቀኝ በምስማር የተጠረቀበት ይሻላል። የኛ ቢላዋ የተናጋው ብረቱ ወደ ፕላስቲኩ የገባው በአንድ ጣት ያህል ብቻ ስለ ነበረ ነው። በመጨረሻም ገንዘባችንን ሁሉ በስለቱ ላይ አንጨርስ፤ ለቆዳ አፎትና ለመሳያ ድንጋይ የሚሆን እናስቀር። ያልተሳለ ቢላዋ ጉልበት ስለሚጠይቅ የሚያዳልጠውና እጅ የሚቆርጠው እርሱ ነው። ክርስቲያኑም ሆነ እስላሙ አራጅ ስለቱ እንዲሳል የሚጠነቀቀው ከንቱ ልማድ ይዞት አይደለም፤ እንስሳው እንዳይሠቃይ ነው። አፎት የሌለው ቢላዋም በታክሲ ውስጥ ለሰው ሁሉ ሥጋት ነው። ገዝተን በቀጥታ ወደ ቤት እንውሰደው፤ በግቢያችን ውስጥ ይዞ መዞር የጀግንነት ሳይሆን የማስተዋል ጉድለት ምልክት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከዓለም ባንክ ታክሲ ተሳፍሮ መርካቶ የወረደ ሰው፣ ምናለሽ ተራ ሲደርስ አሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ ሲሆን ያያል። ይህን ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች ኅብረተሰባችን ለብዙ ዘመን «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያለ ሲሰድባቸው ኖሯል። በማረሻቸው እያረሰ፣ በካራቸው እያረደ፣ ከማዕዱ ያርቃቸው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ ኖረ። እኛ የተማርን ነን የምንል ደግሞ በወረቀት ላይ ይህን ጭፍን ጥላቻ እናወግዛለን፤ ከቀጥቃጩ ፊት ስንቆም ግን የጠየቀንን ዋጋ በግማሽ ካላወረደ እንሄዳለን። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ዋጋው የተለጠፈበትን ቢላዋ ስንገዛ ግን አንዲት ቃል ሳንተነፍስ እንከፍላለን። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በስም ያልሰደብነውን ሰው በዋጋ መስደባችን አይደለምን?

«ታዲያ ደካማ ሥራ የሚሠራ ቀጥቃጭ የለምን? የባሌስትራውስ ቢላዋ አይዝግምን?» የሚል ጓደኛ ይኖራል። እውነት ነው፤ ፌሮ ቀጥቅጦ ባሌስትራ ነው የሚል አይጠፋም፤ ሞረዱን ይዘን እንሂድ ያልሁትም ስለዚህ ነው። ዝገቱንም አጥቦ፣ አድርቆና ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ ያስቀረዋል። አንድን ባለ እጅ ማክበር ማለት ያቀረበልንን ሁሉ ዝም ብሎ መቀበል ሳይሆን፣ ሥራውን መርምሮ፣ ጥሩ ሆኖ ሲገኝ የሚገባውን ዋጋ መክፈል ነው። መጥፎውን የሚመልስና ጥሩውን በዋጋው የሚገዛ ደንበኛ ሲበዛ፣ ፌሮውን የሚቀጠቅጠው ሰው ባሌስትራ ይፈልጋል።

ስለዚህ መጪው በዓል ሳይደርስ፣ በየተከራየንበት ቤት ያለን ተማሪዎች በየግላችን አምስት ደካማ ቢላዋ ከምንገዛ፣ አዋጥተን አንድ ጥሩ ብናሠራ ይሻለናል እላለሁ። ያሠራልንንም ሰው ስሙን እንጠይቀው። በሚቀጥለው ዓመት ቢላዋው ለሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች «ይህን የሠራው እገሌ ነው» ብለን ልንነግራቸው እንችላለን።