ስለ መጀመሪያዋ መኪናችንና ስለ ሌሊት ጥሪ መዝገብ



ባለፈው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ብዙ ያከራከረን አንድ ሐሳብ እንደነበረ የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ይኸውም በሰፈራችን መኪና ያላቸው ሰዎች በፈቃዳቸው ስማቸውን በአንድ መዝገብ ላይ አስፍረው፣ ሌሊት ድንገት የታመመ ሰው ወይም ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር፣ ተረኛው ተቀስቅሶ ወደ ሐኪም ቤት እንዲያደርስ የሚል ነው። ሐሳቡ ሳይወሰን ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እኛም እጃችንን አውጥተን ተራ ሳይደርሰን ስለመሸ፣ የምንለውን በዚህ ሰሌዳ ላይ ልንጽፈው ወደድን።

«እኛ» የምንለው እነማንን እንደሆነ የጥንቶቹ ነዋሪዎች ያውቃሉ። ለአዲሶቹ ግን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከቀበና ወንዝ በላይ ባለው ግቢ ሦስት ክፍል ተከራይተን የምንኖር ሦስት ወጣት አስተማሪዎች ነበርን። ዛሬ ሁለት ቀርተናል።

በ1964 ዓ.ም. ዕቁብ ለአንዳችን ወጣለት። ሌሎቻችን ያጠራቀምናትን ጨመርንበትና፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ላይ አንዲት ቮልስ ዋገን በ1,900 ብር ገዛን። እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራች፣ ቀለሟ እርጎ የመሰለ፣ በግራ በኩል መከታዋ የተጨረመተ መኪና ነበረች። ሊብሬው ላይ ሦስት ስም ማስጻፍ አስቸጋሪ ሆኖ ስላገኘነው ዕጣ ጣልንና የአንዳችን ስም ገባ። ታዲያ ሰውየው ከዚያች ቀን ጀምሮ አነጋገሩ ሁሉ ተለወጠብን። «መኪናዬ» ይላል። «መኪናችን በል እንጂ!» እያልን እስኪለምድ ድረስ አረምነው። ሰኞና ማክሰኞ የአንዱ፣ ረቡዕና ሐሙስ የሁለተኛው፣ ዓርብና ቅዳሜ የሦስተኛው ተራ ሆነ፤ እሑድ የጋራ።

ቮልስን ለማያውቁ ወጣቶቻችን ጥቂት እንንገር። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ዕቃ የሚጫነው ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር ነው። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ እንጂ ውሃ ስላልሆነ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። የአንዳችንን ወላጆች ለመጠየቅ ወደ ደሴ ስንሄድ፣ የጣርማ በርን ዳገት የሚወጡት ትላልቅ መኪኖች መንገድ ዳር ቆመው፣ ኮፈናቸውን ከፍተው፣ በጀሪካን ውሃ ሲጠጡ እናገኛቸዋለን። የእኛዋ በሁለተኛ ማርሽ እየተንጫጫች ታልፋቸዋለች። ቁልቁለቱ ላይ እንደገና ይቀድሙናል፤ ያንን አናወራም። እኛን የሚያስፈራን የቺንጋዋ መበጠስ ብቻ ነበር፤ ማራገቢያው የሚዞረው በሷ ነውና። ስለዚህ መለዋወጫ ቺንጋ ከዳቦ ቆሎው ጋር አብሮ ይያዛል። ይህች ዓይነት መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ስትወጣ በሬዲዮ ሰማንና ሁለታችንም ዝም አልን።

የቤንዚን መለኪያ አልነበራትም። ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል ሞተሯ መንተፋተፍ ይጀምራል፤ ያኔ ከእግር በኩል አንዲት ትንሽ መክፈቻ አለች፣ እሷን ሲያዞሯት መጠባበቂያው ይወርዳል። እሱም ጥቂት ሊትር ነው። ችግሩ ከሦስታችን አንዱ መጠባበቂያውን ከፍቶ ሳይናገር ቁልፉን ለተረኛው ያስረከበ ዕለት ነው። በዚህ ነገር ሁለታችን አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ተነፋፍገን እንደነበር ዛሬ ብንናገር ምን ይለናል።

ባትሪዋ ባለ 6 ቮልት ስለሆነ በክረምት ጠዋት ሞተሪኖው ያቃስታል እንጂ አያስነሣም። ያለው መድኃኒት መግፋት ነው። የሰፈሩ ልጆች ገና የበሩን ሲጥ ሲጥ ሲሰሙ ከየቤቱ እየሮጡ ይመጡና ከኋላ ይሰለፋሉ። ደመወዛቸው እስከ ድልድዩ ተጭኖ መመለስ ነበር፤ አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ልጅ ቆጥረናል። ከነዚያ ገፊዎች አንዳንዶቹ ዛሬ ጠጉራቸው ሸብቶ የማኅበራችን የሥራ አመራር አባላት ሆነዋል።

ቮልሷ የሦስት ሰዎች መሆኗ የቀረው ወዲያው ነው። ሙሽራ ተሸከመች፤ ፖርቶ መጋላዋ ላይ የእድር ድንኳን ምሰሶ ታሰረ፤ ጤፍ ከእህል በረንዳ አመጣች። የማን ተራ እንደሆነ ከእኛ ይልቅ ጎረቤት አጥርቶ ያውቅ ነበር። «ዛሬ የእሱ ቀን ነው፣ እሱ እሺ ባይ ነው» ሲባባሉ እንሰማለን። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ጨመረ ብለው ባለታክሲዎች ሥራ ሲያቆሙ፣ እኛም አስተማሪዎች በራሳችን ጥያቄ በዚያው ሰሞን ሥራ አቁመን ነበር። አስተማሪዎቹ ቤት ስንውል እሷ ግን አላረፈችም፤ ታክሲ የጠፋበት ሁሉ ወደ እሷ መጣ።

ይህን ሁሉ ስናወራ ደግ ሰዎች መስለን እንዳንታያችሁ፣ አሁን የምንጽፈውንም መጻፍ ግድ ይለናል። በዚያው ዓመት ክረምት ለቮልሷ አዲስ የወንበር ልብስ አሰፍተንላት ነበር። ቡናማ ቆዳ መሳይ፣ በነጭ ክር የተዘመዘመ። ሦስት ሳምንት አልሞላውም። አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነው፤ እናቱ ከማታ ጀምሮ ያስመልሳቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። ድምፁን ሰማን። ደጋግሞ አንኳኳ፣ ስማችንን እየጠራ። ማናችንም አልተነሣንም። ኋላ ስንጠያየቅ እያንዳንዳችን «ሌላው ይነሣል ብዬ» አልን። እውነቱ ሦስታችንም ነቅተን ነበር፤ ሦስታችንም ያሰብነው ያንን የወንበር ልብስ ነው። ሴትዮዋን በቃሬዛ እስከ ዋናው መንገድ አወጧቸው። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ቮልሷ ብትነሣ ይተርፉ ነበር ወይ? ሐኪም አላለም፤ እኛም አንልም። ልጃቸው እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሣብንም። በዓመት በዓል ቡና ይጠራን ነበር፣ እኛም እየሄድን እንጠጣ ነበር። የከበደንም ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ የመኪናዋ ቁልፍ ከእኛ ቤት ወጣ። በመግቢያው ላይ ሱቅ የነበራቸው እትዬ፣ ከመደርደሪያው ጎን ሚስማር መትተው እዚያ አንጠለጠሉት። ችግር የደረሰበት እሳቸውን ይቀሰቅሳል፤ እሳቸው ደግሞ ቁልፉን ይዘው መጥተው ተረኛውን ስሙን ጠርተው ያስነሡታል። እትዬ ሲጠሩ ተኝቻለሁ ማለት አይቻልም። በሰዓት እላፊው ዘመን፣ በ1971 ዓ.ም. አንዲት ምጥ የያዛት እናት ወደ ጋንዲ ሆስፒታል ስንወስድ፣ ከቀበሌው ጥበቃ አንዱ መሣሪያውን በጉልበቱ መሐል ይዞ ከፊት ተቀመጠ፤ አዋላጇ ከኋላ ሆኑ፤ የውስጥ መብራት አብርተን አራት ኪሎን በዝግታ አለፍን። ልጁ ሊወለድ የቀረው ሆስፒታሉ በር እስኪከፈት ብቻ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ባለመኪና ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይም «መኪናዬ የግሌ ነው» ብለው ከተከራከሩት አንዱ ነበር። ስም አንጠራም፤ እናቱ ያውቁታል።

ወደ ክርክሩ እንመለስ። በስብሰባው የቀረቡት ተቃውሞዎች ከንቱ ናቸው አንልም። «በሽተኛው መንገድ ላይ ቢሞት እኔ ልጠየቅ ነው ወይ?» የሚለው እኛንም ሌሊት ሌሊት ሲያስጨንቀን የነበረ ነው። ስለዚህ የበሽተኛው ቤተሰብ ወይም አንድ ጎረቤት ሳይሳፈር መኪና አይንቀሳቀስ፤ የተነሡበት ሰዓትም በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ቤንዚኑንም በተመለከተ፣ እንደ ድሮው በዕቁብ ብር የሚቻል አልሆነም፤ የእድሩ ካዝና ይቻለው ብንል ማንም የሚቃወም አይመስለንም። «አምቡላንስ እያለ» ለሚሉትም፣ አምቡላንሱ ይጠራ፣ መጀመሪያ እሱ ይጠራ። ነገር ግን ባለፈው ሐምሌ ምን እንደሆነ ሁላችንም ዐይተናል። የአስም በሽተኛው ጎረቤታችን አምቡላንስ ሲጠብቁ አርባ ደቂቃ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ሾፌሩ መግቢያውን ስቶ በታችኛው መንገድ ይዞር ነበር። ያን ሌሊት በዚህ መንገድ ላይ ዘጠኝ መኪና ቆሞ ነበር። ቆጥረናል። እግዚአብሔር ይመስገን ሰውየው ደህና ናቸው።

ወንበር ይበላሻል የሚለውን አንመልስም። እሱን ከላይ ጽፈነዋል።

ሌላም አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በሰፈራችን አሁን የሚታዩት አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ ናቸው። ወጣቶቻችን የመጀመሪያ መኪናቸውን ገዝተው ሲያጥቧት፣ በእጅጌያቸው ሲወለውሏት ስናይ ደስ ይለናል፤ እኛም እንደዚያ ነበርን። ድምፅ ስለሌላት ግን ከኋላችን ስትመጣ ያስደነግጡናል፤ እባካችሁ ክላክስ ንኩ። ልጆችም የሚገፉት ነገር አጡ። በጎ ጎኑ ቤንዚን ፍለጋ መሰለፍ ቀረላቸው። የሚያሳስበን ተረኛው ባትሪውን ሳይሞላ ተኝቶ ሌሊት የተጠራ እንደሆነ ነው። ይህ ያቺ የመጠባበቂያ መክፈቻ ማለት ነው፤ ስለዚህ ተረኛ የሆነ ሰው ከመተኛቱ በፊት ይሙላ፣ መብራት ጠፍቶበት ካልሞላም ለሚቀጥለው ተረኛ ይንገር። ይህ በደንቡ ውስጥ ቢገባ መልካም ነው።

ቮልሷን በ1978 ዓ.ም. ለአንድ መካኒክ ሸጥናት። ወለሏ በልቶ ስለነበር ለመለዋወጫ ነው የገዛት። በዓመቱ አንድ በሯን በሌላ ሰማያዊ ቮልስ ላይ ጨርቆስ አካባቢ ዐየናት፤ የተጨረመተው መከታም አብሮ ነበር። የእትዬ ሱቅ ዛሬ በሌላ ሰው እጅ ነው። ሚስማሯ አልተነቀለችም፤ የስልክ ካርድ ይንጠለጠልባታል።

የመዝገቡ ረቂቅ በእድራችን ጸሐፊ እጅ ይገኛል፤ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ መፈረም ይቻላል። ከሁለታችን የአንዳችን ልጅ መኪና ስላለው ሰኞና ማክሰኞን ይዟል። ዓርብን አንዲት ነርስ ጎረቤታችን ወስደዋል። ረቡዕና ሐሙስ ባዶ ናቸው።